ጓይላ በአራት ሰው፦ ስለ ትግራይ ክብ ጭፈራና ስለ ትናንሽ የመድረክ ቡድኖች

በአማርኛ ቋንቋ ጭፈራና ውዝዋዜ የሚሉት ሁለት ቃላት ብዙውን ጊዜ አንዱ በሌላው ቦታ እየገባ ይነገራል። ይሁንና ጠጋ ብሎ ለመረመራቸው ሰው በመካከላቸው ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ጭፈራ ሲባል ጭፍራን የሚያስታውስ ድምፅ አለው፤ አውጪና ተቀባይ፣ አጨብጫቢና እልል ባይ ያለበትን ስብስብ በሐሳብ ይስላል። አንድ ሰው ብቻውን ሲጨፍር ቢገኝ ዘመዶቹ ደኅንነቱን ይጠይቃሉ እንጂ አብረውት አይደሰቱም። ውዝዋዜ ግን የአካልን እንቅስቃሴ ብቻ የሚያመለክት ስለሆነ ለአንድ ሰውም፣ ለሁለትም፣ ለሃምሳም ይስማማል። የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች ይህን ሥራ በደመወዝ ማሠራት ሲጀምሩ የባለሙያው መጠሪያ «ተወዛዋዥ» ሆነ እንጂ «ጨፋሪ» አልሆነም። ስያሜው በአጋጣሚ ይምጣ በማስተዋል፣ የተከተለውን ታሪክ አስቀድሞ የተናገረ ይመስላል፤ የሕዝብ ጭፈራ ወደ መድረክ ሲወጣ ከእርምጃውም ከልብሱም በፊት የተለወጠው የሰዎቹ ቁጥር ነበርና።

ይህ የቁጥር ጉዳይ በኢትዮጵያ ውስጥ በየሥፍራው የሚነሣ ቢሆንም በትግራይ ግን ከሌላው ይልቅ ጎልቶ ይታያል። የትግርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዋነኛ ጭፈራ በክብ የሚዞር የብዙ ሰው ጭፈራ ነውና። በተለይም መቀሌ ለዚህ ጥያቄ የተመቸች ከተማ ናት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ (1864–1881 ዓ.ም.) ቤተ መንግሥታቸውን አሠርተው መናገሻቸው ካደረጓት ወዲህ የእንደርታ ከተማነቷ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከምዕራብ የተምቤን፣ ከሰሜን የአጋሜ፣ ከደቡብ የወጀራትና የራያ ሰው የሚገናኝባት ገበያና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። በመቀሌ የሚቋቋም የባህል ቡድን ስለዚህ የሚጨፍረው አያጣም። የሚያጣው ጨፋሪውን ነው። ለአንድ ምሽት ትርኢት ከአራት ወይም ከአምስት ሰው በላይ ለመክፈል የሚችል አሠሪ ጥቂት ነው፤ የምግብ ቤት መድረክም ከአንድ ሰፊ ምንጣፍ ብዙም አይበልጥም፤ ወደ ሌላ ከተማ ለመጓዝ ሲታሰብ ደግሞ ከበሮውና ክራሩ፣ ድምፃዊውና ሾፌሩ ከተጫኑ በኋላ በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ለተወዛዋዥ የሚተርፈው መቀመጫ ይቆጠራል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ አራት ሰው ብቻ ያለው ቡድን ከአባቶች ከተረከበው ጭፈራ የትኛውን ይምረጥ? እስካሁን የተለመደው መልስ «ሁሉንም፤ ግን አሳጥሮ» የሚል ነበር። ይህ መልስ ከየት እንደመጣና ምን እንዳስከፈለ መመርመር ተገቢ ነው።

አስቀድሞ ክቡን በገዛ ቤቱ ማየት ያስፈልጋል። ጓይላ በሠርግ ዳስ፣ በንግሥ በዓል ማግሥት፣ በማኅበር ቀን ይቆማል። ዘፋኙ ያወጣል፤ ሕዝቡ ይቀበላል። ከበሮ መቺዎቹ ከበሮአቸውን በትከሻቸው አንግተው በሁለት እጃቸው እየመቱ ከሰዎቹ ጋር ይሄዳሉ እንጂ እንደ ወታደር ሙዚቀኛ ከዳር አይቆሙም። ወንዱና ሴቱ፣ ሽማግሌውና ልጁ ተከታትለው ክብ ሠርተው በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ ይዞራሉ። ይህ ኩዳ የሚባለው ዙር ነው። እርምጃው ሲያዩት ቀላል ነው፤ እግር ከመሬት ብዙም አይነሣም፤ ትከሻው በዝግታ ይናገራል። ከቆይታ በኋላ ከበሮው ይፈጥናል። በዚያን ጊዜ ዙሩ ይገታና ሰዎቹ ወደ አጠገባቸው ዞር ብለው ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ሆነው ይተያያሉ፤ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው ትከሻቸውን ያርገፈግፋሉ፤ ከበሮ መቺውም ከነከበሮው ይዘላል። ግለቱ ሲያልፍ እንደገና ወደ ዙሩ ይመለሳሉ። ብዙ ሙዚቀኞች በአምስት የሚቆጥሩት ይህ ምት ለእንግዳ ጆሮ የሚያነክስ ይመስላል፤ ለሚዞረው ሰው ግን አስቸጋሪ አይደለም፤ የፊተኛውን ጀርባ አይቶ ይገባበታልና።

በዚህ ላይ ማተኮር ይገባል። በኩዳ ውስጥ ጭፈራውን ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያስተላልፈው የፊተኛው ሰው ጀርባና ትከሻ ነው። አዲስ የገባ ሰው፣ ለምሳሌ ከሌላ አገር የመጣ የሙሽራው ወዳጅ፣ ማንም ሳያስተምረው ሁለት ዙር ሳይሞላ ምቱን ይይዛል። የማይችለውን የሚችሉት ይሸከሙታል። ከዚህም የተነሣ ኩዳ ተመልካች ለማግኘት የተሠራ ጭፈራ አይደለም። ፊቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ከበሮው ነው፤ ከውጭ ላለ ሰው የሚያሳየው ጀርባውን ነው።

አሁን ቁጥሩን እንቀንስ። በሁለት ተከታታይ ጨፋሪዎች መካከል ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢኖር ሃያ ሰው የሚሠራው ክብ ዙሪያው 16 ሜትር፣ ስፋቱ ከ5 ሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ይሆናል። ሁለት ከበሮ መቺዎች በመካከሉ እንደ ልባቸው ይዘላሉ። ስምንት ሰው ሲሆን ስፋቱ 2 ሜትር ነው፤ አንድ ከበሮ መቺ ያስገባል። ስድስት ሰው ሲሆን አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ከበሮ መቺው ቢገባም መዞር እንጂ መዝለል አይችልም። አራት ሰው ሲሆን ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሜትር የእንጀራ መሶብ ዙሪያ እንጂ የጓይላ ሜዳ አይደለም። ከበሮ መቺው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲወጣም ክቡ የሚዞርበት ነገር ያጣል። ክፍተቱን ለማስፋት በመካከላቸው ሁለት ሜትር ቢተዉ ደግሞ የፊተኛው ትከሻ ለኋለኛው መናገሩን ያቆማል፤ አራት ሰዎች በአራት ማዕዘን ለየብቻቸው ይሄዳሉ።

ከእግር ይልቅ ቶሎ የሚጎዳው ግን ድምፅ ነው። በዳስ ውስጥ ተቀባዩ ራሱ ጨፋሪው ስለሆነ ሃያ ሰው ሲዞር ሃያ ድምፅ ይቀበላል፤ አምስቱ ትንፋሽ ሲያጥራቸው አሥራ አምስቱ ይሸፍኑላቸዋል። አራት ሰው እየዞረ፣ እየተርገፈገፈ፣ ፈገግ እያለ፣ ግጥሙንም እንዲቀበል መጠየቅ ጭካኔ ነው። ስለዚህ ተቀባይነቱ ለድምፅ ማጉያው፣ በኋላም አስቀድሞ ለተቀረጸ ሙዚቃ ተሰጠ። ተወዛዋዡ አፉን ዘጋ። በጓይላ የኖረ ሽማግሌ የመድረክ ኩዳ ሲያይ የሚቀረውን ነገር በቃል ለመግለጽ ቢቸገር አያስገርምም፤ የሚቀረው ይህ ነውና።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመቀሌ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ነው። የአገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ዓላማው የኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበት ሰዓት በንግግርና በዘፈን ሕዝቡን ማነቃቃት ነበር። ከድል በኋላ ማኅበሩ ወደ ቴአትር ቤትነት አደገ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተከፈተ። ይህ ቤት ለባህላዊ ዘፈንና ውዝዋዜ የከፈተው በር ሰፊ ነበር፤ ብዙ ባለሙያዎችንም አፍርቷል። ነገር ግን መድረኩ በአውሮፓ ሥርዓት በሦስት ወገን የተዘጋ፣ በአንድ ወገን ለተመልካች የተከፈተ ነው። እንዲህ ባለ መድረክ ላይ ጀርባ መስጠት ነውር ነው። የክብ ጭፈራ ደግሞ ሁልጊዜ ግማሹ ሰው ጀርባውን ይሰጣል። መፍትሔው እስከ ዛሬ በየመድረኩ የሚታየው ሆነ፤ ተወዛዋዦቹ ተከታትለው ይገባሉ፤ አንድ ወይም ሁለት ዙር ይዞራሉ፤ ከዚያ ክቡ ይፈታና በአንድ መስመር ወደ ተመልካቹ ዞረው ትከሻቸውን ይመታሉ። በዳስ ውስጥ ሰዓት የሚወስደው ዙር መግቢያ ብቻ ሆነ። ለጥቂት ደቂቃ የሚመጣው ግለት ደግሞ ጭፈራው ራሱ ሆነ።

በዚህ ረገድ የጎጃም፣ የጎንደርና የወሎ እስክስታ ዕድለኛ ነበር ለማለት ይቻላል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው የሚፎካከሩበት፣ ሌላው አጨብጭቦ የሚያጅብበት ጨዋታ ስለሆነ በመድረክ ላይ ብዙም አልተጎዳም። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይበቁታል። የሐረርጌው ሸጎዬም ወጣቶች ፊት ለፊት ተያይተው የሚጫወቱት በመሆኑ በጥቂት ጥንድ ይቆማል። ትግርኛው ግን ክብ ሆኖ መጣና መስመር ሆኖ ተመለሰ። በኋላ ዘመን «የትግርኛ ውዝዋዜ ቀላል ነው፤ መዞር ብቻ ነው» የሚል አስተያየት ከሙያው ሰዎች ሳይቀር የሚሰማው ያልተቆረጠውን ሙሉ ነገር ካለማየት የመጣ ነው።

ሙሉውን ነገር ለመመዝገብ የደከሙ ሰዎች አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. የሃንጋሪ የሳይንስ አካዳሚ ሁለት ተመራማሪዎች፣ የውዝዋዜ ሊቁ ጆርጅ ማርቲንና የሙዚቃ ሊቁ ባሊንት ሻሮሺ፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የሕዝብ ጭፈራዎችን ቀርጸዋል። ማርቲን በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ የጭፈራ ዓይነቶች አንድ ጥናት አሳተመ። በአዲስ አበባ ይኖር የነበረው ሌላው ሃንጋሪያዊ ቲቦር ቫዳሲም በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ በተከታታይ ስለ ኢትዮጵያ የሕዝብ ጭፈራ ጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ስለ ትግራይና ስለ ጉራጌ ጭፈራ የሚናገር ነው። እነዚህ ሰዎች ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ዘዴ ጭፈራን እስከ ትንሿ የእንቅስቃሴ ቁራጭ ድረስ መበለት፣ ከዚያም ቁራጮቹ እንዴት እንደሚገጣጠሙ ማሳየት ነው። ለአነስተኛ ቡድን ይህ ዘዴ ታላቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም አንድ ጭፈራ ሲያንስ የትኛው ቁራጭ ቢወድቅ ሌላው እንደሚቆም፣ የትኛው ሲወድቅ ግን ሁሉም እንደሚፈርስ ያሳያል። በኩዳ ውስጥ የሚያምረው የትከሻ እንቅስቃሴ ቢቀር ዙሩ ይቆማል። ዙሩ ሲቀር ግን ትከሻው ከሌላው ትከሻ የሚለየው በልብሱ ብቻ ይሆናል።

ስለ ማነስ በማስተዋል ያሰበ ሌላ ወገንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር በነበረበት ጊዜ ያቋቋመውና በኋላ ተስፋዬ ለማ የመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ከየክፍለ አገሩ የመጡ ክራርን፣ መሰንቆን፣ በገናን፣ ዋሽንትን፣ እምቢልታንና ከበሮን በአንድ መድረክ አሰባሰበ። እ.ኤ.አ. በ1969 ከዚሁ ኦርኬስትራ የተውጣጡ ጥቂት ሰዎች ከአሜሪካዊው ቻርልስ ሳተን ጋር «ብሉ ናይል» በሚል ስም አሜሪካን ዞሩ፤ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ትርኢትም ቀረቡ። አንድ ትልቅ ቡድን ራሱን ሲያሳንስ መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ማን ይሂድ ከሚለው በፊት ምን ይሂድ የሚለው ይነሣል። እምቢልታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እያንዳንዱ እምቢልታ የሚያወጣው ድምፅ ጥቂት ስለሆነ ዜማው የሚሞላው ሦስት ነፊዎች እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። ሁለት እምቢልታ ይዞ የሚሄድ ቡድን የእምቢልታን ዜማ አሳንሶ አልያዘም፤ ትቶታል እንጂ። ስለዚህ ወይ ሦስቱን መውሰድ፣ ወይም አንዱንም አለመውሰድ ነው። ሙዚቀኞች ይህን ያለ ክርክር ይቀበሉታል። የውዝዋዜ ሰዎች ግን ኩዳ የራሱ ዝቅተኛ ቁጥር ሊኖረው እንደሚችል እምብዛም አያስቡም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ኪነት የሚለው ቃል በየቀበሌው፣ በየፋብሪካውና በየትምህርት ቤቱ ተሰማ። የመንግሥቱ የኪነት ቡድኖች በከተሞች፣ በ1967 ዓ.ም. ትጥቅ ትግል የጀመረው ሕዝባዊ ወያነ ሓርነት ትግራይም የራሱን የባህል ቡድኖች በገጠሩ አሰማርተው ነበር። የሁለቱ ወገን መልእክት እሳትና ውኃ ቢሆንም ከሙያ አንጻር ግን የሚያነጻጽራቸው አንድ ነገር አለ። በከተማ ያለው ቡድን በመድረክ ላይ ለተሰበሰበ ተመልካች ያሳያል፤ በገጠር የሚንቀሳቀሰው ደግሞ ሜዳ ላይ ለገበሬ ያሳያል፤ ሜዳ ላይ ደግሞ መጋረጃ የለም፤ ከበሮ ሲመታ ተመልካቹ መነሣቱ አይቀርም። በዚያው ዘመን መጨረሻ፣ በ1980 ዓ.ም.፣ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ የባህል ቡድን በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ለኢትዮጵያ እርዳታ ያደረጉትን አገሮች ለማመስገን ወደ አውሮፓና ወደ ሰሜን አሜሪካ ተጓዘ። የዚህ ትርኢት ብዛትና ድምቀት ለሁለት ትውልድ አርአያ ሆኖ ቆየ። ጉዳቱም በዚያው ነው። በብዙ ሰው፣ በብዙ ልብስ፣ በሰፊ መድረክ የተዘጋጀውን የየብሔረሰቡን ውዝዋዜ ተከታታይ ትርኢት፣ በቪዲዮ ያዩት ትናንሽ ቡድኖች እንዳለ ሊገለብጡት ሞከሩ።

ከዚያ ወዲህ የተስፋፉት የባህል ምሽት ቤቶች ይህንኑ ልማድ የዕለት ሥራ አደረጉት። በአዲስ አበባም ሆነ በመቀሌ በአንድ ምሽት ትግርኛው፣ ጎንደሩ፣ ጎጃሙ፣ ጉራጊኛው፣ ኦሮምኛው፣ ወላይትኛው ተከታትለው ይቀርባሉ። ስድስት ተወዛዋዦች ካሉ ሦስቱ ሲጫወቱ ሦስቱ ይለብሳሉ። አራት ከሆኑ ግን ሁለት ሲጫወቱ ሁለት ይለብሳሉ፤ ስለዚህ የሚታየው ሁልጊዜ የሁለት ሰው ውዝዋዜ ነው። ወይም አራቱም በአንድነት ይወጡና አራቱም በአንድነት ለመልበስ ሲገቡ ክራር ተጫዋቹ ባዶውን መድረክ በጣቱ ይሞላል። የመልበሻ ክፍል ጉዳይ ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ላለፉት ሠላሳ ዓመታት የትኛው ጭፈራ እንደሚመረጥ ከወሰኑት ኃይሎች አንዱ እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመቀነት ለውጥ ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ጭፈራ ተመረጠ፤ ጥልፊ ቀሚስና የተሠራ ጸጉር የሚጠይቀው ተተወ ወይም ቀሚሱ ሳይለወጥ የሌላ አገር ጭፈራ ተጨፈረበት። ለአራት ሰው ቡድን ሰባት ብሔረሰብ ማሳየት በእንግዳ ፊት ቸርነት ቢመስልም ለሰባቱም ንፍገት ነው። አንድ ወይም ሁለት አገር መርጦ አንዱን ጭፈራ ሩብ ሰዓት ማቆየት ይሻላል። ይህን ለአሠሪ ማስረዳት ከባድ መሆኑ አይካድም።

እንግዲህ ምን ይመረጥ? በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1651 በለንደን ጆን ፕሌይፈርድ ያሳተመው የእንግሊዝ የሕዝብ ጭፈራ መጽሐፍ በየጭፈራው ራስ ላይ ስንት ሰው እንደሚያስፈልገው ያመለክታል፤ ለአራት፣ ለስድስት፣ ለስምንት የሚሆን አለ፤ የፈለገው ያህል ሰው የሚገባበትም አለ። አንባቢው ሰዎቹን ቆጥሮ ገጹን ይገልጣል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ባይኖርም ልማዱ ራሱ ግን ቁጥሩን ያውቃል። የመቀሌ ቡድን ርቆ ሳይሄድ ለትንሽ ቡድን የተሠራ ጭፈራ በደጁ አለለት፤ አሸንዳ ነው።

የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ነሐሴ 16 ቀን፣ ልጃገረዶች አሸንዳ የተባለውን ረጅም ሣር በወገባቸው ታጥቀው፣ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል የሚባለው ይኸው በዓል ነው። ዛሬ በመቀሌ አደባባዮች የሚታየው ብዙ ሺህ ሕዝብ ዓይን ይስባል፤ የበዓሉ ሥር ግን ብዛት አይደለም። ሥሩ ጎረቤታሞችና ጓደኛሞች የሆኑ ጥቂት ልጃገረዶች ከቤት ወደ ቤት መዞራቸው ነው። ከደጃፍ ይቆማሉ፤ አንዷ ከበሮ ትመታለች፤ አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ፤ አንዲት ወይም ሁለት ወደ መካከል ገብተው ይጨፍራሉ፤ ሲደክማቸው ሌሎች ይተኳቸዋል። ባለቤቱ ይሸልማል፤ ተመርቀው ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ። ለአምስት ተወዛዋዥ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ማን ሊፈጥር ይችላል? የሚጨፍረው አይዘፍንም፤ የሚዘፍነው አይጨፍርም፤ ስለዚህ ትንፋሽ አይጠፋም፤ ድምፅም ከማጉያ መበደር አያስፈልግም። ቅርጹ ግማሽ ክብ ስለሆነ ለባለቤቱ ጀርባ የሚሰጥ የለም። በአማራው አገር በቡሄ ብላቴኖች የሚጫወቱት ሆያ ሆዬም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል፤ አንድ አውጪ፣ ጥቂት ተቀባዮች፣ የዱላ ምት፣ የቤት ደጃፍ። ሁለቱም ከመጀመሪያው በአንድ ቤተሰብ ፊት እንዲቀርቡ የታሰቡ ናቸው። አንድ ነገር ግን መጠበቅ አለበት። አሸንዳ የልጃገረዶች ነው፤ ቡድኑ ወንዶች ብቻ ከቀሩት ይህ ጭፈራ አይመረጥም።

በግለቱ የታወቀው የተምቤን አውሪስ ለወጣትና ለጠንካራ ጥቂት ሰዎች የሚስማማ ነው፤ ጉልበቱ ከብዛት ሳይሆን ከእያንዳንዱ ሰው ስለሚመጣ አራት ሰው ቢጫወተው አይከሳም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ጭፈራ በየምሽቱ ሦስት ጊዜ ማስደገም የተወዛዋዡን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይፈጃል፤ ትንሽ ቡድን ደግሞ ተተኪ የለውም። ዱላና ዝላይ ያለበት የራያ ጭፈራም እንዲሁ ሁለት ወይም ሦስት ብርቱ ወንዶች ላሉት ይሆናል፤ የሚያስቸግረው ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ብቻ ነው። ኩዳን በሚመለከት ግን ቁርጥ ያለ አስተያየት መስጠት ይገባል። ከስድስት ሰው በታች ለብቻው መቅረብ የለበትም። ስድስት ሲሆኑ ከበሮ መቺው ከመካከል ወጥቶ ሰባተኛ ሆኖ በክቡ መስመር ውስጥ ይግባ፤ ዙሩ ቢያንስ ግማሹን ጊዜ ይውሰድ፤ ወደ ተመልካች መሰለፉም ጨርሶ ይቅር። ጀርባ ማየት ተመልካችን አይጎዳውም። የትከሻው ምት በትክክል የሚታየው ከጀርባ ነውና፤ ክቡ የተሠራውም ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የቅንጦት ክርክር የሚመስለው ሰው ቢኖር ያለፉትን ዓመታት ማስታወስ ይበቃዋል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ የተካሄደው ጦርነት ሰውን ገደለ፣ አፈናቀለ፣ በተነ። እንዲህ ካለ ዘመን በኋላ የሚሰበሰብ የባህል ቡድን በተሰበሰቡት ሰዎች ልክ ይጀምራል እንጂ በቀድሞው ልኩ አይጀምርም። ሦስት ወይም አራት ሰው ብቻ በተገኘበት የድሮውን የሃያ ሰው ትርኢት ለማሳየት መሞከር የጎደሉትን ሰዎች በየእርምጃው ያስቆጥራል፤ ክፍት የቀረው ቦታ ከሚጨፍሩት ይልቅ ይታያል። ለአራት ሰው የተሠራውን ጭፈራ አራት ሰው ሲጫወተው ግን የጎደለ ነገር አይታይም። የመምረጥ ትርጉሙ እዚህ ላይ ከኪነ ጥበብ ያልፋል። ወጣቶችን ለሚያሠለጥን መምህርም ነገሩ ያው ነው፤ መጀመሪያ የሚያስተምራቸው እነርሱ ብቻቸውን ሊያቆሙት የሚችሉትን መሆን ይኖርበታል፤ ክቡ ሰው ሲበዛ ይመጣል።

ለአራት ሰው ኩዳን ጨርሶ የሚከለክል ሕግ አለ ማለት ግን አይደለም። አንድ መንገድ አለ፤ እርሱም በመድረክ ላይ አይደለም። በባህል ምሽት ቤቶች ትርኢቱ ሊያልቅ ሲል ተወዛዋዦቹ ወደ ጠረጴዛዎቹ መካከል ይወርዳሉ። ከበሮ መቺው ይቀድማል፤ አራቱ ይከተሉታል። የሚያውቁ እንግዶች አንድ ሁለት እያሉ ይነሣሉ፤ አንዱ በከበሮ መቺው ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል፤ ሌላው ጓደኛውን እጁን ይዞ ይጎትታል። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ሰዎቹ አሥር፣ ሦስተኛው ላይ አሥራ አምስት ይሆናሉ። ከአገር ውጭ በሚኖሩት ዘንድም በኪራይ አዳራሽ ሠርግ ሲደገስ ክቡ የሚሞላው በዚሁ ዓይነት ነው። በዚህ ጊዜ የአራቱ ሥራ ማሳየት አይደለም። በክቡ ውስጥ ተራርቀው መግባት፣ በሁለት ባለሙያዎች መካከል ሦስት ወይም አራት እንግዳ እንዲኖር ማድረግ፣ ምቱንም በጀርባቸው ለኋለኛው ማስተላለፍ ነው። ከሁሉ የሚከብደው የከበሮ መቺው ድርሻ ነው፤ እንግዶቹ እርምጃውን ሳይዙ ቢያፈጥን ክቡ ይበጠሳል፤ ስለዚህ ዙሩን ማስረዘም፣ ግለቱን ማዘግየት፣ የመጨረሻው እንግዳ ትከሻ ከፊተኛው ጋር እስኪገጥም መጠበቅ አለበት።